ሳቅ መልስ አይደለም

ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ሰው ደጁ ባዶ ሆኖ አያድርም። መሬቱን የተቀማ፣ ከሥራ የተባረረ፣ ግጥም የጻፈ፣ ከወንድሙ ጋር የተካሰሰ፣ ሁሉም ‹‹አንተ ብትጽፍልኝ ይሰማል›› እያለ ይመጣል። ከመጡት ሁሉ እስከ ዛሬ የሚከነክኑኝ ግን አንድ አዛውንት ናቸው። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የኤሌክትሪክ መስመር ሲዘረጉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ንጹሕ ግን የነተበ ኮት ለብሰው፣ በፌስታል የተጠቀለሉ ሦስት ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተሮች ይዘው ቢሮዬ ገቡ። የመጀመሪያው ደብተር ሽፋን ላይ በቀይ እስክሪብቶ ‹‹የስበት እውነተኛ ምክንያት›› ይላል። ከሥሩ ደግሞ በትልቁ፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፣ ‹‹አንስታይን ተሳስቷል›› ይላል።

‹‹መምህር፣ ሃያ ሁለት ዓመት የደከምኩበት ነገር ነው›› አሉኝ። ‹‹ገንዘብ አልፈልግም፣ ሽልማት አልፈልግም። የሚያውቅ ሰው ያንብብልኝ።››

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ የመንግሥት ምስጢር የሚያወጡ ይመስል። ‹‹መሬት አትስበንም። የሚገፋን ሰማይ ነው።››

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠፈር በሙሉ በዓይን በማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶች የተሞላ ነው፤ ከየአቅጣጫው ይመቱናል። ከእግራችን ሥር ያለችው መሬት ግን ከታች የሚመጣውን በከፊል ትከልልልናለች። ስለዚህ ከላይ የሚመታን ከታች ከሚመታን ይበልጣል። ያ ትርፍ ግፊት ነው እኛ ‹‹ስበት›› እያልን የምንጠራው። እኔ ፊዚክስን የማውቀው ፈተና ለማለፍ በሚበቃኝ ልክ ነው፤ እሱንም ከረሳሁት ቆይቻለሁ። ደብተሮቹን ተቀበልኩና ‹‹ለሚያውቁ ሰዎች አሳያለሁ›› ብዬ ሸኘኋቸው።

አሳየሁ። እንዴት እንዳሳየሁ ልናዘዝ። አራት ሆነን ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠናል፤ አንደኛው ፊዚክስ የሚያስተምር ወዳጄ ነው። እኔ ደብተሩን ገለጥ አደረግኩና ክፍል ውስጥ ግጥም በማነብበት ድምፅ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ‹‹አንስታይን ተሳስቷል›› የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ሳቅን፤ እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ወዳጄ ሁለተኛውን ገጽ ገልጦ ሦስተኛውን አላየም። ‹‹እንዲህ ዓይነቱ በየወሩ ይመጣል›› አለና መለሰልኝ።

ሰውየው በሁለተኛው ሳምንት ተመልሰው መጡ። ‹‹ምሁራኑ አይተውታል፤ ገና ጥናት ይፈልጋል ብለዋል›› አልኳቸው። ዓይን ዓይኔን አዩኝና አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

‹‹የትኛው ገጽ ላይ?››

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ደጋግመው መጥተዋል፤ እኔም ጥበቃውን ‹‹የለም በላቸው›› ማለት ጀመርኩ።

ካቻምና ልጃቸው ደወለችልኝ። አባቷ አርፈዋል። ደብተሮቹ ሰባት ደርሰዋል። ይዛልኝ መጣች። ‹‹ጋሼ፣ እንዲታተምልኝ አይደለም›› አለችኝ። ‹‹አባቴ ቤታችንን፣ ጡረታውን፣ ዓይኑን የጨረሰው በዚህ ነው። እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ በዚህ ስትጨቃጨቀው ኖራለች። ትክክል ነው ወይስ ስህተት ነው? አንድ ሰው እንኳ ይንገረኝ።››

ያንኑ ወዳጄን ቤቴ ጠራሁት። ዛሬ ፀጉሩ ሸብቷል፤ እኔም እንደዚያው። ደብተሮቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። አቦል ሲቀዳ ማንበብ ጀመረ፤ በረካ ሳይደርስ ቀና አለ። አርባ ደቂቃ ቢሆን ነው። አልሳቀም።

‹‹ይሄ እኮ የለሳዥ ነው›› አለኝ።

የማን?

የዚህ ሐሳብ ባለቤቶች የእኛ አዛውንት ብቻ አይደሉም። ፋቲዮ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ፣ የኒውተን ወዳጅ የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1690 ይህንኑ ሐሳብ ለንደን በሚገኘው የሮያል ሶሳይቲ ሊቃውንት ፊት አቅርቦታል። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ደግሞ ለሳዥ የተባለው የጄኔቫ ሰው ዕድሜውን አብዛኛውን በዚሁ ላይ አሳለፈ። ቅንጣት፣ ከለላ፣ ግፊት፤ ሁሉም አለ። ትላልቅ ሰዎችም እንደ ቁም ነገር መርምረውታል። ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1875 ያፈረሰው ሳያፌዝ ነው። እነዚያ ሁሉ ቅንጣቶች መሬትን እየደበደቡ የሚያራግፉባት ጉልበት ወዴት ይሄዳል? ወደ ሙቀት ቢለወጥ ምድሪቱ ግላ በነደደች ነበር። ፋይንማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በሰጠው ትምህርት ላይ ሁለተኛውን ችግር ለሕዝብ በሚገባ ቋንቋ አስረዳ። ወዳጄ ለእኔ ሲነግረኝ እንዲህ አለ። ‹‹በሐምሌ ዝናብ ሞተር ሳይክል ስትነዳ ከጀርባህ ይልቅ ደረትህ ነው የሚበሰብሰው አይደል? መሬትም በፀሐይ ዙሪያ ስትሮጥ ከፊቷ የሚመታት ቅንጣት ከኋላዋ ከሚመታት ይበዛል። ያ ደግሞ ያዘገያታል። ይህን ያህል ዘመን ስትዞር ባልቆየች ነበር።››

በቃ። ይኸው ነው። አንድ ገጽ የማይሞላ መልስ። ሰውየው ከሞላ ጎደል አሥር ዓመት የጠበቁት፣ እኛ ደግሞ ለመስጠት አርባ ደቂቃ የነፈግናቸው መልስ።

አንባቢዬ፣ እኔን ያቃጠለኝ መሳሳታቸው አይደለም። ተሳስተዋል፤ እሱ ተቆርጦለታል። ያቃጠለኝ ብቻቸውን መሳሳታቸው ነው። ‹‹ይህን ያሰቡት እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የኒውተን ወዳጅ አስቦት፣ እዚህ ጋ ሲደርስ ተሰናክሎበታል›› የሚላቸው አንድ ሰው ቢያገኙ ኖሮ እብድ ሳይሆኑ የዘገዩ ሰው ይሆኑ ነበር። በእብድና በዘገየ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ትዳርና አንድ ቤት ያህላል።

አሁን ጭብጤን ልናገር። የፊዚክሱ ዓለም ከደጅ የመጣን ሰው ንድፈ ሐሳብ አልቀበልም ቢል መብቱ ነው፤ ግዴታውም ነው። መብቱ ያልሆነው ‹‹አይሆንም›› የሚለውን በሳቅ መተካት ነው። ‹‹አይሆንም›› ምክንያት አለው። ሳቅ ግን ምክንያት የለውም፤ ስለዚህም ማንንም አሳምኖ አያውቅም።

እስቲ ደግሞ ለሊቃውንቱ ጠበቃ ልቁም፤ ፍርድ ገምድል እንዳልባል። የእነሱ ችግር የዛሬ አይደለም። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1775 አራት ዓይነት ማመልከቻ ከእንግዲህ አልመረምርም ብሎ ወስኗል። ክብን በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ እኩል ስፋት ወዳለው ካሬ እለውጣለሁ የሚል፣ አንግልን ለሦስት እኩል እከፍላለሁ የሚል፣ የኪዩብን ይዘት እጥፍ አደርጋለሁ የሚል፣ አራተኛው ደግሞ ያለ ነዳጅ ለዘላለም የሚሠራ ሞተር ፈለሰፍኩ የሚል። የማመልከቻው ጎርፍ አሰልችቷቸው ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ከሆነ የዛሬውን ገምቱት።

ፍርሃትም አለ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1952 ኒው ዮርክ ውስጥ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በሚገኘው የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር ቢሮ አንድ ሰው ሽጉጥ ይዞ ገባ። ኤሌክትሮን የሚባል ነገር የለም ብሎ የጻፈውን ጽሑፍ ማኅበሩ አላትምልህም ብሎታል። ፊዚክስ ሊቅ ፈልጎ አላገኘም። ያገኛት የአሥራ ስምንት ዓመት ጸሐፊ ነበረች፤ እሷን ገደለ። ያቺ ልጅ የማንንም ንድፈ ሐሳብ አልጣለችም። ይህን ወንጀል ምንም ሹፈት፣ ምንም እምቢታ ሰበብ ሊሆነው አይችልም። የነገርኳችሁ ሊቃውንቱ ከፖስታው ጀርባ ማን እንዳለ ሳያውቁ በራቸውን ቢዘጉ ሁልጊዜ ትዕቢት እንዳልሆነ እንድታውቁልኝ ነው። ማኅበሩ እንዲያውም ለብዙ ዓመታት አባል የሆነ ሁሉ በስብሰባው ላይ አሥር ደቂቃ እንዲናገር ሲፈቅድ ኖሯል።

ይሁንና እኔ የምለው ሌላ ነው። ‹‹ጊዜ የለንም›› ይሉናል። እሺ። ለማፌዝ ግን ጊዜ አለ! ጆን ባኤዝ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብና የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1998 ለእነዚህ ሰዎች የነጥብ መስጫ ዝርዝር አወጣ። ራሱን ከጋሊሊዮ ጋር ላመሳሰለና አሳዳጆች አሉብኝ ላለ 40 ነጥብ፤ ይህን ያህል ዓመት ደክሜበታለሁ ላለ 10 ነጥብ፤ አንስታይን ከመሠረቱ ስቷል ላለ 10 ነጥብ፤ እያለ ይቀጥላል። መነሻው ከዜሮ በታች አምስት ነው፤ ለቸርነት። እውነቱን ለመናገር ዝርዝሩ ያስቃል፤ እኔም ስቄበታለሁ። ውስጡም ቁም ነገር አለው፤ ትልቁን 50 ነጥብ የሚያሰጠው ሊፈተን የሚችል ትንበያ ሳይሰጡ ‹‹ዓለምን የሚለውጥ›› ንድፈ ሐሳብ አለኝ ማለት ነው። ይህ በእርግጥ የነገሩ እምብርት ነው።

ግን የእኔን አዛውንት በዚህ መስፈርት መዘንኳቸው። ሃያ ሁለት ዓመት፣ ነጥብ። አንስታይን ተሳስቷል፣ ነጥብ። ገና ሁለተኛው ደብተር ላይ ሳንደርስ ነጥባቸው ተቆለለ። ከዚያስ? ነጥቡ ስለ ሰውየው ጠባይ ነገረኝ፤ ስለ ገጽ አሥራ አንድ ግን ምንም አልነገረኝም። ‹‹ፋቲዮን አንብቡ›› የሚል ተራ ቁጥር የለውም። እኔ ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ነበርኩ፤ ይህን በሽታ አውቀዋለሁ። ገጣሚ ነኝ ባይ ወጣት ቢሮአችን ሲመጣ እኛም ግጥሙን ትተን ፀጉሩን፣ ሻርፑን፣ ‹‹ነፍሴ ስትቃትት›› የሚለውን አርእስቱን እናይ ነበር። አንዱም ቤት ሲመታ ሌላው ሲዘል፣ የቱ ጋ እንደሚዘል አሳይተን አንልከውም። ጠባይን መተቸት ሥራን ከመተቸት ይቀላል፤ ሥራን ለመተቸት ማንበብ ያስፈልጋላ!

አሁን ደግሞ ፊቴን ወደ ባለ ደብተሮቹ ላዙር፤ እነሱም አያመልጡኝም። ጌቶቼ፣ ‹‹በጋሊሊዮም ተሥቆበታል›› የምትሏትን ነገር ተዉአት። ጋሊሊዮ ከደጅ የመጣ ሰው አልነበረም። ፒዛና ፓዱዋ ያስተማረ፣ ኋላም የመስፍን የሒሳብ ሊቅ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ መነጽሩን አቅንቶ ያየ፣ የለካ ነው። አንስታይንም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1905 በርን ከተማ የፓተንት ቢሮ ተራ ሠራተኛ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ዙሪክ የተማረ፣ ከዚያ በፊት ለአራት ዓመታት በዋናው የጀርመን የፊዚክስ መጽሔት ላይ ሲያሳትም የቆየ ሰው ነው። ፕላንክ ወዲያው አንብቦ ገባው፤ ምክንያቱም የተጻፈው ፕላንክ በሚያውቀው ቋንቋ ነው።

ከእውነተኛው ደጅ የመጣ ሰው ከፈለጋችሁ ራማኑጃን አለላችሁ። የማድራስ ወደብ ጸሐፊ፣ ዲግሪ የሌለው፣ ደመወዙ በዓመት ሃያ ፓውንድ። እ.ኤ.አ. በጥር 1913 ካምብሪጅ ላለው ሃርዲ ደብዳቤ ጻፈ። ከሃርዲ በፊት የጻፈላቸው ሌሎች ሊቃውንት አልረዱትም። ሃርዲም መጀመሪያ አጭበርባሪ መስሎት ነበር ይባላል፤ ግን ከባልደረባው ከሊትልውድ ጋር ቁጭ ብሎ ወረቀቶቹን አነበበ። አንዳንዱ ስህተት ነበረው። አንዳንዱ ደግሞ አጭበርባሪ ሊፈጥረው የማይችል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ራማኑጃን ካምብሪጅ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1918 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ። ልብ በሉ፣ ሰውየው ‹‹ኒውተን ተሳስቷል›› አላለም። ቀመር ነው ያቀረበው፤ ሊረጋገጥም ሊፈርስም የሚችል። ሃርዲም ቸር ስለሆነ አይደለም የከፈተለት፤ ስላነበበ ነው።

ብዙዎቹ ባለ ደብተሮች የሚጣሉት ከፊዚክስ ጋር አይደለም፤ ከፊዚክስ ምሳሌ ጋር ነው። ዛቢነ ሆሰንፌልደር የተባለች ጀርመናዊት የፊዚክስ ሊቅ ለሃያ ደቂቃ ሃምሳ ዶላር እያስከፈለች እንዲህ ያሉ ሰዎችን ማማከር ጀምራ ነበር፤ ያየችውንም እ.ኤ.አ. በ2016 ጽፋዋለች። የመጡላት ሰዎች እብዶች አልነበሩም። በሌላ ሙያ ኖረው፣ ለሰፊው ሕዝብ የተጻፈ ሳይንስ አንብበው፣ እዚያ ያለውን ሥዕል እንደ ንድፈ ሐሳቡ የወሰዱ ናቸው። በእኛ ቋንቋ ልንገራችሁ። ሰሙን ሰጧቸው፤ ወርቁን ግን አልሰጧቸውም። ‹‹ጠፈር እንደተወጠረ ላስቲክ ነው፣ ፀሐይ ታጎደጉደዋለች›› ሲባል ሰም ነው፤ ወርቁ ቀመሩ ውስጥ ነው። ሰውየው ሃያ ዓመት ሙሉ ከላስቲኩ ጋር ይሟገታል። ቅኔውን ሳይሰማ በሰሙ የሚጣላን ሰው ምን ትሉታላችሁ? ግን ሰሙን ብቻ ለሕዝብ ሲቸረችር የኖረውስ ማነው?

‹‹አንስታይን ተሳስቷል›› ማለት ቀላል አይደለም፤ ይህንም እወቁ። ዛሬ በስልካችሁ ታክሲ ስትጠሩ ደጃችሁን የሚያገኘው በሳተላይት ነው። የሳተላይቱ ሰዓት ከምድሩ ሰዓት በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይቀድማል፤ ሪላቲቪቲ አስቀድሞ ባሰላው መሠረት። ትንሽ ትመስላለች። ብርሃን ግን በዚያች ቅጽበት ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። መሐንዲሶቹ ይህን አስልተው ነው ሰዓቱን የሚያስተካክሉት። አንስታይንን ልጥል የሚል ሰው ይህቺን 38 ከራሱ ቀመር ማውጣት አለበት። ካላወጣ ደብተሩን መልሶ ይያዝ። ይህ ሹፈት አይደለም፤ መስፈርት ነው። መስፈርት ደግሞ ክብር ነው።

ሊቃውንትስ አይሳሳቱም ወይ? እንዴታ! ቬገነር የተባለው ጀርመናዊ የአየር ጠባይ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1912 ‹‹አህጉሮች ይንቀሳቀሳሉ›› ሲል የጂኦሎጂ ሰዎች ‹‹ይሄ ደግሞ ከየት መጣብን?›› ነው ያሉት። ሐሳቡ ተቀባይነት ያገኘው በ1960ዎቹ ነው፤ እሱ እ.ኤ.አ. በ1930 ግሪንላንድ በረዶ ላይ ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በኋላ። እኛ ኢትዮጵያውያን ለዚህ ማስረጃ ሩቅ አንሄድም። በመስከረም 1998 ዓ.ም አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ ምድር ወደ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ስትሰነጠቅ፣ አንዳንድ ቦታ እስከ ስምንት ሜትር ነው የተራራቀችው። የቬገነር አህጉር በእኛው ደጅ ሲለያይ ታየ።

ነገር ግን ከቬገነር ታሪክ ባለ ደብተሮቹ ደስ የሚላቸውን ብቻ ነው የሚወስዱት። ሊቃውንቱ አሹፈውበታል፤ እውነት ነው። ግን ተከራክረውታልም። እ.ኤ.አ. በ1926 ኒው ዮርክ ላይ ጉባኤ ጠርተው ‹‹አህጉርን የሚያህል ነገር የሚገፋው ኃይል ምንድን ነው?›› ብለው ጠየቁት። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር፤ እሱም አጥጋቢ መልስ አልነበረውም። መጽሐፉን እያረመ አራት ጊዜ አሳተመ። ከሹፈቱ የተረፈ አንዳች ነገር የለም። ከክርክሩ ግን አራት እትም ተረፈ።

ቤተኞቹም ሲሳሳቱ እንዴት እንደሚሳሳቱ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣሊያን ውስጥ ኦፔራ የተባለው የምርምር ቡድን ኒውትሪኖ የሚባሉት ቅንጣቶች ከብርሃን በ60 ናኖ ሰከንድ ቀድመው ደረሱ የሚል ውጤት አገኘ። እውነት ቢሆን አንስታይን አለቀለት። እነሱ ግን ‹‹አንስታይን ተሳስቷል›› ብለው በቀይ አልጻፉም። ‹‹ስህተታችንን ማግኘት አልቻልንም፤ እባካችሁ ፈልጉልን›› አሉ። ከወራት በኋላ በደንብ ያልተሰካ ገመድ ተገኘ። አፈሩ፤ ተናገሩ፤ አለፈ። ከደጅ የመጣውን ከቤተኛ የሚለየው ዲግሪ አይመስለኝም፤ ይህቺ ‹‹ስህተቴን ፈልጉልኝ›› የምትለው ቃል ናት። የእኔ አዛውንት ደግሞ ‹‹የትኛው ገጽ ላይ?›› ሲሉኝ ይህንኑ ቃል ነበር የተናገሩት። ያን ቀን በዚያ ቢሮ ውስጥ ከሁለታችን ሳይንቲስቱ እሳቸው ነበሩ።

ስለ ራሳችን ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖች ካልተናገርኩ ደግሞ አድርባይ ልባል ነው። እኛ በተቃራኒው በኩል እንበድላለን። አንድ ሰው ያለ ነዳጅ የሚሠራ ሞተር ሠራሁ ሲል ‹‹ኢትዮጵያዊው አንስታይን›› ብለን አክሊል እንደፋለታለን። ፎቶ እናነሳዋለን፤ ‹‹ድጋፍ አጣሁ›› ሲል አብረን እናለቅሳለን። አንድ የፊዚክስ አስተማሪ ጠርተን ‹‹ይሄ ነገር ይሆናል?›› ብለን አንጠይቅም። የአገር ፍቅር ይመስለናል። ሰውየውን እንዳያድግ አድርገን ደብተሩ ላይ ቸንክረነው ነው የምንሄደው። ጭብጨባም እንደ ሳቅ ነው፤ ሁለቱም ሳያነቡ የሚሰጡ ናቸው።

አሁን ደግሞ ሦስተኛ ወገን መጥቷል፤ የማይስቅ፣ የማይደክም፣ ሌሊት የማይተኛ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት። ደብተርህን አሳየው፤ ‹‹እጅግ ጥልቅ ሐሳብ ነው›› ሊልህ ይችላል፤ ከዚያም ለደብተርህ የሚያማምሩ ቀመሮች ያለብስልሃል። የቻት ጂፒቲ ባለቤቶች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ማሻሻያቸው ከልክ በላይ አሞጋሽ ሆነ ብለው መልሰው ነቅለውታል። ከሰው ‹‹አይሆንም፤ በዚህ ምክንያት›› የሚል መልስ ያጣ ሰው ከማሽን ‹‹ይሆናል›› የሚል ቢያገኝ ይፈረድበታል? የእውነት እምቢታ ሲወደድ የውሸት እሺታ ይረክሳል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ትልቅ ነገር አልጠይቅም። ከየኔታዎች እንማር ነው የምለው። የቅኔ ተማሪ ቀን ዱር ወርዶ፣ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ሲቆጥር ይውልና ማታ መምህሩ ፊት ቀርቦ ቅኔውን ይነግራል። ገና ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና የሚያንገዳግደውም ይነግራል። የኔታ ይሰማሉ። ‹‹አልሆነም፤ ሰምህ ወርቅህን አልያዘውም፤ እዚህ ጋ ነው የፈረሰብህ›› ይላሉ። አይለሳለሱም፤ አያባብሉም። ተማሪው አዝኖ ይመለሳል፤ ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። ከዚያ ጉባኤ የሚወጣው ተማሪ ‹‹የትኛው ቤት ላይ?›› ብሎ ጠይቆ መልስ አያጣም። ይህ ልማድ ያለው አገር ሰውን በሳቅ ይሸኛል?

የፊዚክስ ክፍሎቻችን በወር አንድ ከሰዓት በኋላ በራቸውን ይክፈቱ። አንድ የማስተርስ ተማሪ ይቀመጥ። ለአንድ ሰው ሃያ ደቂቃ፤ መልሱ አንድ ገጽ ይሁን። ‹‹ይህን ሐሳብ ከአንተ በፊት እገሌ አስቦታል፤ እዚህ ጋ ይፈርሳል፤ መሟገት ከፈለግህ ይህቺን ቁጥር አስልተህ ና›› የሚል። ተማሪውም ይማርበታል፤ ስህተትን ‹‹የት ጋ›› ብሎ ማግኘት ትክክሉን ከመሸምደድ ይከብዳልና። ከመቶ አንድ ራማኑጃን እናገኛለን ብዬ አላታልላችሁም። ምናልባት ከሺህም አንድ አይገኝም። የቀሩት ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ግን ሰዎች ናቸው፤ ቤት አላቸው፣ ሚስት አላቸው፣ ልጅ አላቸው። መልሱን ቢያገኙ የማይቀበሉ፣ ተቆጥተው በሩን ደርግመው የሚወጡ ይኖራሉ። ይውጡ። እነሱ ምርጫቸው ነው። እኛ ግን ምክንያቱን ሳንሰጣቸው ከወጡ ምርጫው የእኛ ነው።

ወዳጄ መልሱን በራሱ እጅ ጻፈው። አንድ ገጽ ከሩብ ሆነ። ፋቲዮ አለበት፣ ለሳዥ አለበት፣ የማክስዌል ሙቀት አለ፣ የሐምሌው ዝናብ አለ። ከላይ ‹‹ለተከበሩ አባት›› ብሎ የእሳቸውን ስም ጻፈበት፤ የልጃቸውን አይደለም። ልጅቱ ቤቴ መጥታ ቆማ አነበበችው፤ ከዚያ ተቀምጣ ደገመችው። ስለ ዝናቡ ያለውን ሦስተኛ ጊዜ አነበበችው መሰለኝ።

‹‹አባቴ ይሄን ቢያገኝ ዝም የሚል ይመስልሃል ጋሼ?›› አለችኝ። ‹‹ይከራከር ነበር እኮ።››

ይከራከር ነበር። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።